ውሸትን በፓርቲ የሚለይ ጆሮ

ለአሜሪካ መራጭ፣ በተለይ ዜግነት ወስደን ድምፅ መስጠት ለጀመርነው ሐበሾች፣ ሐውልት ቢቆምልን አይበዛብንም። እንደኛ ያለ ጆሮ ማን አለው? ተከራካሪ ሊዋሽ ሲል ገና አፉን ሳይከፍት እናውቅበታለን። እርግጥ የምናውቀው የማዶውን ሰው ነው። የኛ ሰው ሲዋሽ ጆሯችን ዳባ ይለብሳል። ይህንን ማንም አላስተማረንም፣ ተሰጥኦ ነው።

ጁን 27 ቀን 2024 ባይደንና ትራምፕ ለፕሬዝዳንትነት አትላንታ ላይ ሲከራከሩ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቷል። ክርክሩን ያዘጋጀው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲኤንኤን ተራው ያልደረሰውን ሰው ማይክ ይዘጋ ነበር። አዳራሹ ውስጥም ተመልካች አላስገባም። እውነቱን ከውሸቱ እዚያው መለየት ግን የጠያቂዎቹ ሥራ አይደለም ተባለ። ትክክል! እኛ እያለን እነሱ ምን አደከማቸው?

ባይደን በሳቸው ጊዜ የሞተ ወታደር እንደሌለ ተናገሩ። 2021 ላይ ካቡል አየር ማረፊያ 13 የአሜሪካ ወታደሮች ተገድለዋል። ቤት ተሰብስበን ስናይ ዴሞክራቱ ወዳጄ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ደሞ ጉንፋን ይዟቸዋል።» ትራምፕ በተራቸው የፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ወደየክፍለ ግዛቱ እንዲመለስ ሁሉም ሰው ይፈልግ ነበር አሉ። ሪፐብሊካኑ ወዳጄ ቡናውን ፉት ብሎ «ሁሉም ሲሉ እኮ ብዙ ሰው ለማለት ነው» ብሎ ተረጎመልን። አንዱ ወዳጄ ለሌላው ዕጩ ግን ምሕረት የለውም። «ቅጥፈት! ዓይን ያወጣ ቅጥፈት!» ሲባባሉ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ስለ ዕድሜያቸው ሲጠየቁ ደግሞ ወደ ጎልፍ ገቡ። አንዱ በክለብ ሻምፒዮንነታቸው ተኩራሩ፣ ሌላው ምክትል ፕሬዝዳንት ሳሉ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበሩ ነገሩን። ቤት ውስጥ ጎልፍ የነካ ሰው አልነበረም፣ ግን ሁላችንም ዳኛ ሆንን።

ከሁሉም የማደንቀው የዴይኬሩን፣ ማለትም የሕፃናት መዋያውን፣ ጥያቄ ነው። ጠያቂው የአንድ ልጅ ዴይኬር በዓመት ከ11,000 ዶላር በላይ ደርሷል፣ ለሁለት ልጅ የሚከፈለው ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ኪራይ ይበልጣል ብሎ ትራምፕን ጠየቀ። ምን ያደርጉልናል? ሰውየው ስላባረሩት ጄኔራል አወሩ። ስለሌሎች ተባራሪዎችም አወሩ። ባይደንም ቢሆኑ በመጀመሪያ የራሳቸውን ቂም ተወጥተው ነው ልጆቹ ትዝ ያሏቸው። እኛስ? ሶፋው ላይ ሁለት ልጆቹን ዴይኬር የሚያውል፣ ለዚያም ሲል ቅዳሜና እሑድ ኡበር የሚነዳ ሰው ተቀምጧል። ጥያቄው የሱ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ መራጭ በሌላ አገር ቢሆን ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮህ ነበር። የኛው ጨዋ ግን እጁን እያጨበጨበ «ዘረረው!» አለ።

«የዴይኬሩስ ነገር?» አልኩት።

«ተወው እሱን! ጄኔራሉን እንዴት እንዳሰጣው አላየህም?»