ወንድ ወደ ጓሮ

በምዕራቡ ዓለም ወንድነት ቦታ አጣ ብለው ሙሾ የሚያወርዱ በዝተዋል። ፖለቲከኛው በምርጫ ቅስቀሳው፣ ሰባኪው በመድረኩ፣ ደረቱን ያሳበጠው አሰልጣኝ በስልክ ቪዲዮው እዬዬ ይላል። ምናለ በሜይ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ የአሜሪካ ሰፈር አጥር ላይ ተንጠራርተው ቢያዩ! ወንድነትማ አለ። ሁለት ካሬ ሜትር በምትሆን የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ በግራው ቢራ በቀኙ መቆንጠጫ ይዞ፣ ግሪል በሚሉት የሥጋ መጥበሻ ፊት ተገትሯል። መቆንጠጫውን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ይህ የመሣሪያ ፍተሻ ነው፤ ሳይፈትሽ ሥጋ የነካ ወንድ እስካሁን አልታየም።

አባቶቻችን «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ብለው ዓለምን ለሁለት ከፍለው ተገላገሉ። አሜሪካ ውስጥ ችሎቱ ከእጅ ወጥቷል፤ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች አራቱ ሴቶች ናቸው። ማጀቱ ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትለትም ወንዱን አላማረውም። መሄጃ ሲጠፋ ጓሮ ተገኘ። ምን ያለ ብልሃት ነው! ምግብ ማብሰል ጣሪያ ሥር ሲሆን የሴት ሥራ፣ ሰማይ ሥር ሲሆን ጀግንነት።

የሥራ ክፍፍሉን ሳያደንቁ ማለፍ ነውር ነው። ሐሙስ ማታ ሚስት ማን እንደሚመጣ፣ ማን የአሳማ ሥጋ እንደማይበላ፣ የማን ልጅ ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ትመዘግባለች። ዓርብ ገበያ ወጥታ ሃያ በመቶው ስብ የሆነ የተፈጨ ሥጋ መርጣ ትገዛለች፤ ስቡ ካነሰ በርገሩ እሳት ላይ እንደ ጫማ ሶል ይደርቃል። ማታውኑ ዶሮውን በቅመም አሽታ ፍሪጅ ታስገባለች። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ኪሎ ድንች ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ በማዮኔዝ ለውሳ ሰላጣ ትሠራለች። የተፈጨውን ሥጋ 150 ግራም 150 ግራም እያደረገች ትጠፈጥፍና መሐሉን በአውራ ጣቷ ጎድጎድ ታደርገዋለች፤ አለዚያ ሲበስል ጠርዙ ይኮማተርና መሐሉ ያብጣል። ዳቦው፣ በረዶው፣ የወረቀት ሳህኑ፣ የትንኝ መከላከያው፣ ሥጋ ለማትበላዋ እኅት የተገዛው ልዩ ፓኬት ሁሉ በየቦታው ከተደረደረ በኋላ ትሪውን ተሸክማ ወጥታ ለባሏ ታስረክባለች።

እሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይገለብጣል። በዚህ መሐል አራት ጊዜ ይጣራል፦ ጨው፣ ንጹሕ ሳህን፣ ቺዝ፣ ቢራ። እንግዳው በልቶ ሲጠግብ እኛ አገር «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» የሚያሰኘው ዓይነት ምስጋና ይዥጎደጎድለታል። እሱም በትሕትና «ኧረ ምንም አይደል፣ ዛሬ እንኳ እሷ ትረፍ ብዬ ነው» ይላል። እሷ ጎድጓዳ ሳህኖቹን እያጠበች ስለሆነ አትሰማውም። አርጀንቲናማ ነገሩን ሥርዓት አስይዛዋለች፤ ጠባሹ ሥጋውን ሲያቀርብ ማዕዱ በሙሉ ያጨበጭብለታል። ለሰላጣ የሚጨበጨብበት ደንብ ገና አልወጣም።

ስለ እሳቱ ጌታው አንድ አፈ ታሪክ አለው። ጥበቡን ከዋሻ ዘመን፣ ዝሆን አከል አውሬ ከሚጥሉ ቅድመ አያቶቹ በደም የወረሰው ነው። የሚያምር ታሪክ ነው፤ ከሰሉን ግን በየጓሮው ያዳረሰው ሄንሪ ፎርድ ነው። እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ ፎርድ ሚሺጋን ውስጥ ለመኪና አካል ከሚሰነጠቀው እንጨት የተረፈውን ፍቅፋቂና ሰጋቱራ አክስሎ፣ በስታርች አጣብቆ፣ ትናንሽ ጡብ አድርጎ በመኪና መሸጫዎቹ በኩል ቸበቸበው። ክዳን ያለው ክብ ግሪል ደግሞ እ.ኤ.አ የ1952 ልጅ ነው። ቺካጎ አካባቢ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን፣ ለመርከቦች ምልክት እንዲሆን ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈውን የብረት ሉል ለሁለት ከፍሎ እግር ተከለለት። የዋሻው ዘመን ውርስ እንግዲህ የመኪና ፋብሪካ ትራፊና የሐይቅ ምልክት ግማሽ ነው። ቅርስ ይሏል ይህ ነው!

ከሰል ለማያያዝ የሚያዋጣው መንገድ እስከሚያሳፍር ድረስ ቀላል ነው። ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ፣ ውስጡ ወንፊት ያለው ባለ እጀታ ቆርቆሮ ይሸጣል። ከላይ መቶ ያህል ጡብ ከሰል፣ ከታች ሁለት ገጽ ጋዜጣ፣ አንድ ክብሪት። አየሩ ከሥር ይሳባል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ የላይኞቹ ከሰሎች አመድ ሲለብሱ መገልበጥ ብቻ ነው። ነዳጅ የለ፣ ጩኸት የለ። ጀግናችን የማይጠቀምበትም ለዚሁ ነው፤ ማንም የሚችለው ነገር ምን ክብር አለው? እሱ ጠርሙሱን ያነሣል። ማቀጣጠያው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ከሰል ላይ ፈስሶ፣ እስኪሰርግ ተጠብቆ፣ ከዚያ ተለኩሶ፣ ከሰሉ እስኪነጣ ነዶ ማለቅ ነበረበት። ጀግናው ግን እሳቱ የሞተ ሲመስለው በጋለው ፍም ላይ ይረጨዋል። ነበልባሉ ፈሳሹን ተከትሎ ወደ ጠርሙሱ ይመጣል፤ አዋቂው ያፈገፍጋል፣ ልጁ ያጨበጭባል። ነዶ ያላለቀው ፈሳሽ ሥጋው ላይ ይቀርና በርገሩ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። «የጭስ ጣዕም» ነው ስሙ።

አገር ቤት ለቡና ከሰል የምታያይዝ ሴት ይህንኑ በቀን ሦስት ጊዜ ታደርገዋለች፤ በጥቂት ጭራሮና በአንድ ማራገቢያ። የሚያጨበጭብላት ቀርቶ፣ ጭሱን ወደ ሳሎን አስገባሽብን ብሎ የሚቆጣት ነው ያለው።

ከሰል ያቆሽሸኛል የሚለው ጀግና ጋዝ ይገዛል። ዘጠኝ ኪሎ ፕሮፔን የሚይዝ ሲሊንደር፣ አራት ማቃጠያ፣ በጎኑም ማንም ለኩሶት የማያውቅ አምስተኛ። እዚህ ሁለት ጀብዱ ይፈጸማል። አንደኛው ክዳኑን ሳይከፍቱ ጋዙን መክፈት ነው። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳልና እዚያው ይጠራቀማል፤ ሲለኮስ ቡም ብሎ ቅንድብ ላጭቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ማቃጠያዎቹ ተከፍተው ሳለ የሲሊንደሩን ቫልቭ ባንዴ ፈንቀል ሲያደርገው፣ የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተር ውስጥ ያለው የደኅንነት መቆጣጠሪያ የጋዙ ጎማ የተቆረጠ ይመስለውና ጋዙን አንቆ ይይዛል። እሳቱ ይኮሰምናል፣ ግሪሉ ለብ ብሎ ይቀራል። መፍትሔው ሁሉን ዘግቶ፣ ሬጉሌተሩን ነቅሎ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ፣ መልሶ አስሮ፣ ቫልቩን ቀስ አድርጎ መክፈት ነው። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ መመሪያው ደግሞ ከነፕላስቲኩ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሌሎቹ ወንዶች ይሰበሰባሉ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ጎንበስ ብለው ያዩታል። «ግፊቱ ነው» ይላል አንዱ። «ግፊቱ ይሆናል» ይላል ሌላው። የሚነካ የለም፤ የሰው መቆንጠጫ አይነካም። አንድ ነገር ግን ያለ ሽሙጥ ይነገርላቸው፦ ዓይን ለዓይን ተያይተው የማያወሩትን ፍቺና ከሥራ መባረር ወደ ቋሊማው እያዩ ያወሩታል።

ወንድነቱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ዶሮው ላይ ነው። ባለ አጥንት የዶሮ ጭን በደንብ የሚበስለው ከሰሉ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ፣ ዶሮው እሳት በሌለበት ጎን ሆኖ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ሲቆይ ነው። ስኳር ያለበት ሶስ የሚቀባው በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው፤ ስኳር ፈጥኖ ያርራል። መብሰሉን የሚያረጋግጠው አጥንቱ አጠገብ ተሰክቶ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ነው። ቴርሞሜትር ግን ለሚጠራጠር ሰው ነው። ጀግናችን በጣቱ ጫን ያደርጋል፣ ከገዛ መዳፉ ጋር ያመሳክራል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ዶሮውን ከነሶሱ ነበልባሉ መሐል አጋድሞ፣ በየደቂቃው ክዳኑን ከፍቶ ይጎበኘዋል። ክዳኑ ሲነሣ ሙቀቱ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ነበልባሉ ይንቀለቀላል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዶሮው ጠቆረ። የጠቆረ በስሏል፤ እንግዲህ ይፎከርለት፦

ዘራፍ! የጓሮው ጌታ፣
ጠዋት ለኩሶ የሚያበላ ማታ፤
ላዩ ከሰል፣ ሆዱ ጥሬ፣
ዶሮ የጣለ በጉጠቱ ዛሬ!

ከሁሉ የሚያስቀናው ማስረጃ የማይገኝበት መሆኑ ነው። ከጥሬ ዶሮ የሚመጣው ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ የሚያሳምመው ከሁለት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። የቅዳሜው እንግዳ ማክሰኞ ሆዱን ይዞ ሲቀመጥ የሚጠረጥረው የሰኞውን ሳንድዊች ነው። ነገሩ ወደ ቅዳሜ ቢጎተት እንኳ ጣት የሚቀሰረው በድንች ሰላጣው ላይ ነው። የበሰለውን ዶሮ በጥሬው ትሪ ላይ መልሶ ያስቀመጠውን ማን ይጠይቀዋል?

ስቴኩ ላይ ሲደርስ ትምህርት ይጀምራል። «እሳቱ ላዩን ባንዴ ሲመታው ጭማቂውን ይዘጋበታል።» ይህ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው፣ ከተሻረም ብዙ ዘመን የሆነው ሐሳብ ነው፤ ችስስ የሚለው ድምፅ ራሱ ውሃው እየወጣ ሲተን ነው። እያስተማረ በርገሩን በመገልበጫው ይጫነዋል። ስቡ ይንጠባጠባል፣ ነበልባል ይነሣል፣ እሱም ዘንበል ብሎ በኩራት ያየዋል። ሚስት ሃያ በመቶ ስብ ብላ መርጣ የገዛችው ለካ እሳቱን ለማድመቅ ኖሯል።

የኛ ወገኖችስ? በጁላይ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካሉት መናፈሻዎች አንዱን መጎብኘት ነው። አዲስ አበባ ሳሉ የጨው ዕቃው የት እንደሚቀመጥ የማያውቁት ጋሼ ሽርጥ ታጥቀው ጎድን ይገለብጣሉ። አዋዜ ይቀባሉ፣ የጥብስ ቅጠል ይበትናሉ። «ጋሼ እሳቱ ላይ ናቸው!» ሲባል ሁሉም መንገድ ይለቃል። እትዬ ከትናንት ጀምሮ ሽንኩርት ሲያቁላሉ አምሽተው፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው፣ በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበው፣ እንጀራውን ጠቅልለው ጭነው መጥተዋል። «እትዬ ድስቱ ላይ ነበሩ» ብሎ መንገድ የለቀቀላቸው የለም። አገር ቤት ወንድ ያርዳል፣ ይገፍፋል፣ ቁርጥ ይቆርጣል፤ ከቢላዋው ወዲያ ያለው የሴት ነው። አሜሪካ ለጋሼ አንድ ሙያ ጨመረችላቸው፦ መገልበጥ።

ክርክርም ይዘው መጥተዋል። «ጥሬ ሥጋ የበላን ሰው፣ መሐሉ የቀላ በርገር ምን ያደርገዋል?» ቁርጥ ያልተፈጨ ሥጋ ነው፤ ባክቴሪያ ቢኖርበት በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው። የሱፐርማርኬቱ የተፈጨ ሥጋ ግን የብዙ ከብት ቅልቅል ሊሆን ይችላል፤ ሲፈጭም የላዩ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለስቴክ 63 ዲግሪና ሦስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ለተፈጨው ግን 71 የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ ይስቃሉ። ኮሶ የጠጣ ትውልድ ዲግሪ አይፈራም።

ጀግናችን በዓልም አለው። የአባቶች ቀን እ.ኤ.አ በ1972 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊርማ ቋሚ ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ የጁን ሦስተኛ እሑድ። ስጦታው አዲስ መቆንጠጫ ወይም «የግሪል ንጉሥ» የሚል ሽርጥ ነው፤ ንጉሡም በተሸለመበት ቀን ለሁሉም ይጠብሳል። በእናቶች ቀን ድስት ጠቅልሎ የመጣ ልጅ ግን እራቱን ውጭ ይፈልግ።

ጽዳት አጭር ምዕራፍ ነው። ፍርግርጉ ገና ትኩስ ሳለ መቦረሽ አለበት፤ ከቀዘቀዘ ስቡ ይረጋል። ብሩሹ የሽቦ ከሆነ ሽቦው እየተነቀለ ምግብ ላይ ይጣበቃል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ በ2012 ሽቦ ውጠው ሆስፒታል ስለደረሱ ሰዎች ዘገባ አውጥቷል። አመዱ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ፍም ይዞ ሁለት ቀን ሊቆይ ስለሚችል ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ይፈልጋል፤ የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ አይሆነውም። ጀግናችን ሁሉንም በአንድ ውሳኔ ይገላግላል፦ ክዳኑን ከድኖ ወደ ቤት ይገባል። «ያረረው ስብ ለሚቀጥለው ጣዕም ነው።» በሚቀጥለው ጊዜ ክዳኑ ሲነሣ ጣዕሙ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሎ ይጠብቀዋል።

ሴፕቴምበር ላይ የሠራተኞች ቀን ሲደርስ ሱቆች ግሪል በቅናሽ ያወጣሉ። ግፊቱ የጠፋበት ባለ አራት ማቃጠያ ከጋራዡ ጀርባ ይጣልና ባለ ስድስቱ ይገዛል፤ የጎረቤቱ ባለ አምስት ነው። ሳጥኑ ይከፈታል፣ መመሪያው ወደ ጎን ይቀመጣል፣ እስኪመሽ ይገጣጠማል። ሥራው ሲያልቅ ሦስት ብሎን ንጣፉ ላይ ይቀራሉ። አንሥቶ ያያቸውና «መለዋወጫ ጨምረውበታል» ብሎ ኪሱ ይከታቸዋል።