ሲሾም ያልሰለጠነ

አለቃ ማለት የኛ አለቃ ናቸው! አላህ ይጠብቃቸው፣ ማርያም ትከተላቸው። ሌላው ሹመኛ ወንበሩ ላይ ከተደላደለ በኋላ የሚያውቀው ይበቃዋል፤ እሳቸው ግን መማር አልጠገቡም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አሮጌ ተረት እንኳ አሻሽለው «ሲሾም ያልሰለጠነ» ብለውታል። ሂሳብ ሹሟ በሁለቱ መካከል ልዩነት አይታያትም፤ እሷ ደግሞ ስልጠና ወስዳ አታውቅም።

ስልጠናው ለምን ሁልጊዜ ኮምቦልቻ ይሆናል እያሉ የሚያንሾካሽኩ ምቀኞች አሉ። የደሴ አዳራሽ ምን ሆነ? ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ጭንቅላት ያደነዝዛል። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያሉ ሲወርዱ ግን ጆሮ ጧ ብሎ ይከፈታል፤ እውቀትም የሚገባው በጆሮ ነው። (ተከፍቶ የሚቆየው እስከ መመለሻው ዳገት ድረስ ነው።) ደግሞስ ደሴ ቢሰለጥኑ አበል ከየት ይመጣል?

የትጋታቸው ፍሬ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ይታያል። የ«ጊዜ አጠቃቀም» ሰርተፍኬት የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓቱ በነበረበት ቦታ ነው። የ«ቀልጣፋ አገልግሎት»ው ትልቅ ስለሆነ ፋይል ሳጥኑ ላይ ተደግፏል፤ ሳጥኑን ለመክፈት እሱን ማንሳት ያስፈልጋል፣ እሱን ለማንሳት ደግሞ ያለ አለቃ ፈቃድ አይቻልም። ባለጉዳዩም ይህንን ተረድቶ ነገ ይመለሳል።

«መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ» ሲባል ሰምተው ሦስት አማካሪ አስቀምጠዋል። አንዱ አብሮ አደጋቸው ነው፤ ሁለተኛው የአብሮ አደጋቸው አማች። ሦስተኛው ከቀድሞው አለቃ የተወረሰ ነው፤ ለቀድሞውም «ልክ ብለዋል» ሲል የኖረ፣ ማለትም ልምድ ያለው። ክረምት ሲቃረብ አለቃችን የጎርፍ ቦዩ ከመንገዱ በስተግራ ይቆፈር አሉ፤ ሦስቱም አጸደቁ። ከምሳ በኋላ በስተቀኝ ይሁን አሉ፤ ሦስቱም ከበፊቱ አብልጠው አጸደቁ። ጎርፉ ስብሰባው ላይ አልተጠራም ነበርና መሃል ለመሃል ሄደ።

አንድ ወጣት ቴክኒሻን ግን «ጌታዬ፣ ውሃው የሚመጣው ከወዲህ ነው» ብሎ ነበር። አለቃችን አላኮረፉም፤ እንዲያውም «ጎበዝ!» ብለው፣ በሳምንቱ ልምድ እንዲያካብት ራቅ ያለው ደላንታ ወረዳ መደቡት።

ወሎ ለምክር እንግዳ አይደለችም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ሲያስተምሩ፣ እንደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያሉ ተማሪዎች እግራቸው ሥር ዓመታት ቆይተዋል። የገዳሙ አበምኔትም ዓቃቤ ሰዓት እየተባለ ለነገሥታቱ የቅርብ መካሪ ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘንድ መግባት ከሚፈቀድላቸው ጥቂቶች አንዱ ዓቃቤ ሰዓት ዓምኃ ኢየሱስ ነበሩ። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው! ለዓመታት መማር፣ አበል በማያጓጓው መነኩሴ መመከር! አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አባጋሮቻችንም ያው ናቸው፤ ሁለቱም ወገን ተናግሮ እስኪጨርስ ይሰማሉ። አለቃችን ጊዜ ቆጣቢ ናቸውና አንድ ወገን ብቻ ይሰማሉ፤ የራሳቸውን።

ያም ሆኖ ታሪክን ይወዳሉ። ባለፈው ለ«ልምድ ልውውጥ» ከነአማካሪዎቻቸው ሐይቅ ድረስ ወርደው፣ ዓሣውን ቀምሰው፣ ገዳሙን ከማዶ አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ተመልሰዋል። ሦስቱም አማካሪዎች ዓሣው ጥልቅ እንደነበር መስክረዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ስልጠና ደርሷል። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፦ ርእሱ «ባለጉዳይን የማዳመጥ ክህሎት»፣ ቦታው ኮምቦልቻ፤ ቢሮው ሳምንቱን ሙሉ ዝግ ነው።