ባትሪን ጨርሶ ማድረቅ ለሊትየም አይሆንም
ስለ ድሪል ባትሪ አያያዝ እዚህ የወጣው ጽሑፍ «ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ጨርሳችሁ ቻርጅ አድርጉ» ይላል። ይህ ምክር ለድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር፤ የሊትየምን ባትሪ ግን የሚገድለው ይኸው ነው። ደሴ ውስጥ ጂፕሰምና አሉሚኒየም ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በዚሁ ምክር ሁለት ባትሪ አበላሽቻለሁ። ድሪሉ እየደከመ «ይቺን ብሎን ብቻ» እያልኩ እጫነው ነበር። አንዱን ፈትቼ ውስጡ በተርታ የተያያዙትን አምስት ሴሎች (ትናንሽ ባትሪዎች) በቮልት መለኪያ ቴስተር ስለካቸው አራቱ 3.5 ቮልት አካባቢ ናቸው፣ አምስተኛው 1.2 ላይ ወርዷል። የሊትየም ሴል ከ2.5 ቮልት በታች ሲወርድ ይጎዳል፤ አንዱ ከደከመ ደግሞ የቀሩት ደህና ቢሆኑም ባትሪው አይሠራም። ያስቆጨኝ ሌላው ነገር ሽፋኑ ላይ 88 ቮልት የሚል መለጠፉ ነው። አምስት ሴል ጢም ብሎ ቢሞላ 21 ቮልት ነው፣ ከየት መጥቶ 88 ይሆናል? ስትገዙ የተለጠፈውን ቁጥር ተዉትና በእጃችሁ መዝኑት፤ ቀላል ከሆነ ውስጡ ያሉት ሴሎች ጥቂት ናቸው። ከላይ በአስተያየትህ «መብራት ስለሚጠፋ ሁሌም ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይደር» ላልከው ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። ርካሽ ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ ኃይሉን በደንብ ላይቆርጥ ይችላል፣ ሌሊት ደግሞ የሚያየው ሰው የለም። ሙቀትም አለ። ኮምቦልቻ ወርደን ስንሠራ ባትሪ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውል ነበር፤ አሁን ጥላ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ከሥራ የወጣውንም በመዳፌ ይዤ ሙቀቱ እስኪለቀው ሳልጠብቅ አልሰካውም።