ማስተካከያ፦ 7.62 የተባለ ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ ቴሌግራም ላይ የምትቀባበሉት «የክላሽና የድራጉኖቭ ጥይት ሁለቱም 7.62 ስለሆኑ አንድ ናቸው፣ ትከሻም እኩል ነው የሚመቱት» የሚለው ፖስት ስህተት ነው (ድራጉኖቭ የአነጣጥሮ ተኳሽ ጠመንጃ ነው)። 7.62 የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ነው የሚናገረው፣ ጉልበቱን አይደለም። በአምራቾቹ ቴክኒካል መረጃ መሰረት የክላሽ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊሜትር ሲሆን የድራጉኖቭ 54 ነው፣ ባሩዱም ይበዛል፣ የክላሹ እርሳስ 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 715 ሜትር ሲወጣ ያኛው ደሞ 9.6 ግራም ሆኖ 830 ሜትር ይወጣል፣ ስለዚህ በእኩል ክብደት ጠመንጃ ቢተኮሱ የ54ቱ ምት ይከብዳል (ክላሽ የለመደ ሰው ሰደፉን ላላ አርጎ ከያዘው ትከሻው ይነግረዋል)። ፖስቱን አምኖ አንድ ላይ የደባለቀ ካለ ይለያቸው፣ የ54ቱ ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፣ ክላሽ ውስጥም አይገባም፣ በግድ ለማስገባት እንዳትሞክሩ።