የ«ዘም!» ድካም ጉንዳኖቹ አይደሉም
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የ1954ቱን አስፈሪ የአሜሪካ ፊልም «ዘም!» (Them!) ያስረጁት አሻንጉሊት መሳዮቹ ግዙፍ ጉንዳኖች ናቸው ማለቱ አላሳመነኝም። ዳይሬክተሩ ጎርደን ዳግላስ ግማሽ ሰዓት ገደማ አንድም ጉንዳን አያሳየንም፤ በኒው ሜክሲኮ በረሃ የፈራረሰ ሱቅ፣ የተበተነ ስኳር፣ በድንጋጤ አንደበቷ የተዘጋ ትንሽ ልጅ፣ ከነፋሱ ጋር የሚመጣ ስል ጩኸት ብቻ። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው። የጉንዳኖቹ ሞዴሎች እንቅስቃሴያቸው ግትር ቢሆንም አቧራውና የሎስ አንጀለስ የጎርፍ ቦይ ጨለማ ይሸፍንላቸዋል።

እውነተኛው ድካም የፊልሙ መሃል ነው፤ የጉንዳን ተመራማሪው ዶክተር ስለ ጉንዳን ፊልም እያሳዩ ሌክቸር ሲሰጡ ታሪኩ ቀጥ ይላል። ሳይንሱማ ይቅር! ቁመት 100 እጥፍ ሲያድግ ክብደት 1 ሚሊዮን እጥፍ ይጨምራል፣ የእግር ጥንካሬ ግን 10 ሺህ እጥፍ ብቻ። ያ ጉንዳን ገና ሳይነሳ እግሩ ይሰበር ነበር።