እናቴ ያልቀመሰችው መጣጣ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እንግዶቹ ከወጡ አንድ ሰዓት አልሞላም። ሳህኑ ገና አልታጠበም። ባለቤቴ «በቃ ተይው፣ በዓል ነው» ብሎኝ ገብቶ ተኛ። በዓል ስለሆነ ነው የምተወው? በዓል ስለሆነ ነው እንጂ የከፋኝ!

የባለቤቴን ታላቅ እህት፣ እትዬን፣ ታውቋቸዋላችሁ። በገና ጠላዬን «ጭስ ጭስ ይላል» ያሉት እሳቸው ናቸው። ጠላ እኮ ጋኑ በወይራ ካልታጠነ ምኑን ጠላ ሆነ? ዘንድሮ ደግሞ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጡ። ይምጡ፣ የወንድማቸው ቤት ነው። ባሌን እንደ እናት ሆነው ነው ያሳደጉት። ይሄን አልክድም። አንቱ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ ነው የማስተናግዳቸው። ዛሬ ግን አንጀቴ አሯል።

ለዛሬ 14 ሰው ጠርቼ ነበር። የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባታችን። የፋሲካ ማግስት እንግዳ ታውቁታላችሁ። ሦስት ቤት ዶሮ ወጥ በልቶ ነው የሚመጣው። ሌላ ዶሮ ብታቀርቡለት ለይሉኝታ አንዴ ጎርሶ ይተወዋል። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር አሰብኩ። ትልቁን ሰፌድ ኮባ ቅጠል አልብሼ፣ በላዩ ላይ ቋንጣ፣ ለጋ አይብ፣ መጣጣ የምንለው በቅመም የቆየ አይብ፣ ድፎ ዳቦ፣ ዳጣና ማር ደርድሬ ላቀርብ። ሰው እየተጫወተ ከጠላው ጋር ቆንጠር ቆንጠር ያደርጋል። ይሄ ነበር ሐሳቤ።

ቋንጣውን የጀመርኩት በቅበላ ነው። ጾሙ ከገባ ሉካንዳው ይዘጋል። ለፋሲካ ማግስት ቋንጣ የፈለገ ሰው ከ55 ቀን በፊት ማሰብ አለበት። 3 ኪሎ ቀይ ሥጋ ገዛሁ። ስብ ያለው አይሆንም፣ ሲቆይ ይሸታል። ሥጋ መዘልዘል ቀላል የሚመስለው ካለ ይምጣና ይሞክር። ሙዳውን በግራ እጅ ይዞ፣ ቢላውን በስሱ እያስኬዱ፣ ጫፍ ሲደርስ ሳይበጥሱ ገልብጦ መመለስ ነው። መጨረሻ ላይ ያ ድቡልቡል ሙዳ እንደ መቀነት ረዝሞ ከእጅ ላይ ይንጠለጠላል። አውራ ጣቴን ሁለት ቦታ ቆርጫለሁ። ጨው፣ በርበሬ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ አሸሁት። ጨው ውሃውን ያወጣል፣ ነፋስ ያደርቀዋል። ጓዳ በር ላይ ገመድ ወጥሬ ሰቀልኩት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በሻሽ ጋረድኩት። የካቲት መሆኑ በጀኝ። በክረምት የባሕር ዳር እርጥበት ሥጋ አያደርቅም፣ ያሻግታል። አምስት ሌሊት የጎረቤት ድመት ስትዘል እየተነሳሁ አደርኩ።

ለጋውን አይብ ቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። እሱም ሌላ ንዴት ነው። ለበዓል ሰሞን አይቡን ከነአጓቱ በኮባ ጠቅልለው ነው የሚሸጡት። ውሃ በአይብ ዋጋ ገዝቼ መጣሁ። ሌሊቱን በሻሽ ቋጥሬ ቧንቧው ላይ አንጠልጥዬ አደርኩ። ጠዋት ከሥሩ ያስቀመጥኩት ጎድጓዳ ሳህን ሞልቷል። ይሁን፣ ይሄም አለፈ።

መጣጣው ግን፣ መጣጣው ነው ያንገበገበኝ። ጎጃም ያደገ ያውቀዋል። ጾም ሲገባ ወተት የሚጠጣ የለም። ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው በቀስታ ይሞቅና አይብ ይሆናል። 1 ኪሎ አይብ ወደ 8 ሊትር አሬራ ይፈልጋል። ትኩስ አይብ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሳይቆይ ይበላሻል። የኛ አገር ሴቶች ለዚህ መላ አላቸው። አይቡን በታጠነ ቅል ይከቱታል። አጓቱን እያጠለሉ በላዩ ላይ ሌላ አይብ ይጨምራሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ይባላል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጤና አዳሙ ተወቅጦ ይገባበታል። ይከደናል። ውስጥ ለውስጥ ይብላላል። ጠጠር ይላል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ወራት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ጽፈውበታል።

እናቴ አዴት አጠገብ ነው ያለችው። ጾሙ ሲገባ ጀምራ ጾሙ ሲያልቅ አደረሰችው። ልብ በሉ፣ አንድም ቀን አልቀመሰችውም። ጾም ነዋ። ጨው ይብቃው አይብቃው፣ ይድረስ አይድረስ፣ የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የተከፈተበትን ቀን ጠብቃ ለሚኒባስ ረዳት ሰጠችው። ቅሉን በነጠላዋ ቅዳጅ አስራ። «እንዳትገለብጠው ልጄ» እያለች ልጁን ሦስት ጊዜ እንደለመነችው ራሱ ረዳቱ ነገረኝ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመጣልኝ። የማላውቀው ልጅ እንኳን ያን ያህል ተጠንቅቆለታል!

እኔም አልቀመስኩትም። ትላንት ጾሙ ሲፈታ አምሮኝ ነበር። ለእንግዳ ነው፣ እኩል ከሰው ጋር እቀምሰዋለሁ ብዬ ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

ዛሬ ረፋድ ላይ ኮባ ቅጠል ልቆርጥ ጎረቤት ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ አልቆየሁም። ስመለስ እትዬ ጓዳ መሀል ቆመዋል። ሁለት ጎረቤቶቼ ሽንኩርት እየላጡ ነው። ሠራተኛዬ አንገቷን ደፍታለች።

«ያ የሚሸት ቅል የምን ነበር?» አሉኝ።

«መጣጣ ነው እትዬ፣ እናቴ የላከችልኝ።»

«ደፋሁት።»

«ምን አሉኝ?»

«ደፋሁት ነው የምልሽ። ተበላሽቷል። አይብ ቢጫ ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ልትገድይ ነው?»

«በቅመሙ እኮ ነው እትዬ፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ይሁና! የገጠር ነገር ለእንግዳ አይቀርብም። ወንድሜን በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ልታዋርጂው ነው?»

የገጠር ነገር። በጎረቤቶቼ ፊት። ባልዲውን አየሁት። የእናቴ የ55 ቀን ድካም የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ተደፍቷል። ቅሉ ከነነጠላ ቅዳጁ ጎኑን ተጋድሟል። አንዲት ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ሽንኩርቷን መላጥ ጀመረች። ምን ልበል? አፌን ብከፍት የማይመለስ ነገር እንደሚወጣ አውቄዋለሁ። ዝም አልኩ። አሁን ድረስ የሚያቃጥለኝ ያ ዝምታ ነው።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። ከሻንጣቸው ጠፍጣፋ የእንጨት ሰሌዳ አወጡ። ሳላሚ አወጡ፣ ከጣሊያን የመጣ ሰው የሰጣቸው ነው። በፕላስቲክ የታሸገ ቺዝ አወጡ። ስልካቸውን ከፍተው የፈረንጅ ማዕድ ፎቶ አሳዩኝ። «እንግዳ እንዲህ ነው የሚከበረው። ቋንጣሽን ለነገ ቁርስ ፍርፍር አድርጊው።»

እኔ የጣሊያንን ምግብ አልንቅም። ሠሪው ለፍቶበታል። ግን እስቲ ፍረዱኝ። ፓርሚጃኖ የሚባለው ቺዛቸው ቢያንስ 12 ወር ይቀመጣል። ጎርጎንዞላ የሚባለው ሰማያዊ ሻጋታ ሆን ተብሎ ይገባበታል፣ ሰው ይሄንኑ ብሎ ብዙ ገንዘብ ይከፍልበታል። ፕሮሹቶ የሚሉት ደግሞ የአሳማ እግር ነው። ጨው ይደረግበትና ከዓመት በላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። ጨውና ነፋስ! የኔ ጓዳ በር ላይ የተሰቀለውስ ምን ነበር? የጣና ዓሣ እንኳን ደርቆ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ ሲሸጥ ኖሯል። ማድረቅም ማቆየትም እናውቅበታለን። የነሱ ሲቆይ በሰለ ይባላል፣ የኛ ሲቆይ ተበላሸ! ለምን?

ደግሞ እትዬ ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት። ባለፈው ጥር እህቴ ከውጭ መጥታ ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ምሳ ጋበዝኳት። «አይብ አላችሁ?» አልኩት አስተናጋጁን። «አይብ የለንም፣ ቺዝ ግን አለን» አለኝ። አራት ስስ ቢጫ ቁራጭ መጣ። እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። እኛ የተቀመጥነው ጣና ዳር ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የፎገራ ሜዳ አለ፣ የፎገራ ላም የሚባለው ዘር አገሩ እዚያ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ አንዳሳ፣ ይሄንኑ ከብት የሚያራባ የምርምር ማዕከል አለ። በነዚህ መሀል ተቀምጠን ነው አይብ የለም የምንባለው። የዚያን ቀንም ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ዝምታ ለምዶብኛል።

ወደ ዛሬው ልመለስ። እንግዶቹ ተቀመጡ። እትዬ ሰሌዳውን ራሳቸው ይዘው ገቡ። ሳላሚው በክብ በክብ ተቆርጧል፣ ቺዙ በሦስት ማዕዘን ታጥፏል፣ ወይንና ብስኩት አለ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለዋለ ግን ሳላሚው ላብ ላብ ብሎታል። የንስሐ አባታችን እጃቸውን ዘረጉና መለስ አደረጉት።

«ይሄስ የምን ሥጋ ነው ልጄ?»

የጠየቁት እኔን ነው። የቤቱ እመቤት እኔ ነኛ። እትዬ ቀደም ብለው «የበሬ ነው አባ፣ የበሬ ነው» አሉ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ታነባለች። ማሸጊያውን ከጓዳ ይዛ ብቅ አለች።

«ማሚ፣ ፖርክ ይላል እኮ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ የባለቤቴ ባልደረባ ጎርሶ ነበር። አፉን በሶፍት ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ሰው 55 ቀን ጾሞ፣ በፋሲካ ማግስት፣ አባታችን በተቀመጡበት፣ በኔ ቤት! አልተደሰትኩም። በእመቤቴ ስም፣ ቅንጣት አልተደሰትኩም። እትዬ ፊታቸው ሲለዋወጥ አሳዘኑኝ። እንግሊዝኛውን አላነበቡትም፣ አላወቁም። ግን የኔን ሳያውቁ ደፉት፣ የሰውን ሳያውቁ አቀረቡት! ይሄን እንዴት ልርሳው?

ሮጬ ጓዳ ገባሁ። ቋንጣውን ከብልቃጡ ገለበጥኩት፣ ግማሹን በቅቤ ነካ ነካ አደረግሁት። ለጋውን አይብ ኮባው ላይ ከመርኩት። ድፎው፣ ዳጣው፣ ማሩ ተደረደረ። ሰፌዱን ይዤ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል። አባ ባረኩልኝ፣ አንድ ቋንጣ ወስደው ቀስ ብለው አኘኩ። ሰው ተከተላቸው። ቋንጣው ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ጨዋታው ተመለሰ።

«ቋንጣው የማን እጅ ነው?» አሉ አባ።

«የወንድሜ ሚስት እኮ ባለሙያ ናት!» አሉ እትዬ። ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። ጠዋት የገጠር ነገር ያለችው ምላስ ናት ይሄን ያለችው። ባሌ ፈገግ አለ። ለሱ እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ፣ ታረቅን። እኔ ከማን ጋር እንደታረቅሁ አላውቅም።

ከዚያ ደግሞ አንዷ ትልቅ ሰው፣ የዳሞት ሴት ናቸው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መጣጣ መጥቶልሻል ሲባል ሰምቼ እሱን አስቤ ነበር የመጣሁት» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «አለቀ እማማ» አልኳቸው። «ውይ፣ ሳልቀምሰው» አሉ።

እንግዳው ሲወጣ ባልዲውን ገልብጬ ቅሉን አወጣሁት። በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አሁንም ኮረሪማና ጤና አዳም ይሸታል። እሱን ይዤ ቁጭ ባልኩበት እናቴ ደወለች።

«እንግዶችሽ ሄዱ?»

«ሄዱ እማዬ።»

«መጣጣው እንዴት ሆነ? ጨው አልበዛበትም? እኔ መቼም ጾም ነበር፣ አልቀመስኩት። ሲጨንቀኝ ነው የሰነበተው።»

«ልክ ነው እማዬ። ጨውም ቅመሙም ልክ ነው።»

«ተመስገን! በይ ቅሉን በሚኒባስ መልሺልኝ፣ ለሚቀጥለው እፈልገዋለሁ።»

እሺ አልኳት። ነጠላ ቅዳጁን ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው።