አዲስ ሶሻል ወርከር ምን ይቅደምለት፦ ሕመሙን ማወቅ ወይስ ሰውየው ፊት መቀመጥ?

ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት የሶሻል ወርከር የሥልጠና ሰዓት ጠባብ ነው። ያ ሰዓት ቀድሞ ለአእምሮ ሕመም እውቀት ይዋል ወይስ በሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሥራውን በቅርብ በሚከታተል ነባር ባለሙያ፣ ሥር ለሚደረግ ልምምድ? ሁለት ባለሙያዎች ተከራክረውበታል።

እውቀት ይቅደም ባይ፦

አዲስ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ደንታ ስለሌለው ሳይሆን ያየውን ስለማይለየው ነው። ለባይፖላር (ስሜት ከከፍተኛ መነቃቃት ወደ ከባድ ድብርት ለሚዋልልበት ሕመም) ሊትየም የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ተገልጋይ ሁለት ቀን ተቅማጥና ትውከት ይዞት ከርሞ ቢሮ ይመጣል እንበል። እጁ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል። የማያውቅ ሠራተኛ "ጠጥቶ ነው" ይልና ለሳምንት ይቀጥረዋል። ሰውነት ፈሳሽ ሲያንሰው ግን ኩላሊት ሊትየሙን እንደልቡ አያስወጣም፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ይመርዛል። ሰውየው ያን ሰዓት መሄድ ያለበት ድንገተኛ ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን በጥሩ ማዳመጥ ብቻ የሚደርስበት የለም።

የድብርት መድኃኒትም እንደዚሁ። የጎንዮሽ ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ጥቅሙ ግን መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ተገልጋዩ በ10ኛው ቀን "አቅለሸለሸኝ እንጂ ምንም አልፈየደልኝም፣ ትቼዋለሁ" ሲል፣ ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ "ሐኪሙ ሳያውቅ አያቋርጡት፤ አሁኑኑ እንደውልለት" ይላል። የማያውቀው "እርስዎ እንደተመቸዎት" ይልና የሰውየውን ምርጫ ያከበረ ይመስለዋል።

ልምምድ ይቅደም ባይ፦

በሊትየሙ አልከራከርም። ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ ግን እንውሰድ። ስላለፉት 2 ሳምንታት የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። አዲሱ ሠራተኛ ከ5 እስከ 9 ያለው "ቀላል" እንደሚባል በቃሉ ይዟል። ተገልጋዩ 6 ያመጣል፣ "ቀላል" ተብሎ ይመዘገባል። ከ6ቱ አንዷ ነጥብ ግን የተገኘችው ከ9ኛው ጥያቄ ነው፤ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ከሚጠይቀው።

እሺ፣ አይቷታል እንበል። ከዚያስ? ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ "ራስዎን ስለመጉዳት ግን አያስቡም አይደል?" ይላል። መልሱን ራሱ አጉርሶ ጠየቀ ማለት ነው። ብዕሩን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ፣ "እንዲህ ሲደራረብበት ሞትን የሚመኝ ሰው አለ። እርስዎስ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" ካለ በኋላ ዝም ማለት ነበረበት። ዝምታው 10 ሰከንድ ሲሞላ አዲስ ሰው ይጨንቀውና ራሱ ይመልሳል። ይህ በንባብ አይስተካከልም። ሱፐርቫይዘሩ ተገልጋይ ሆኖ እየተጫወተ፣ አምስት ስድስቴ እያስቆመው ነው የሚስተካከለው።

እውቀት ይቅደም ባይ፦

ምሳሌዎ ለእኔ ይመሰክራል። 9ኛው ጥያቄ ለብቻው እንደሚነበብ ማወቅ እውቀት ነው። ሠራተኛው የሚያድበሰብሰውም "ብጠይቀው ሐሳቡን አመጣበታለሁ" ብሎ ስለሚፈራ ነው፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ የተማረ ግን አይፈራም። ደግሞስ "አዎ፣ አስባለሁ" ቢባል? ዕቅድ አለው ወይ፣ መፈጸሚያው እጁ ላይ ነው ወይ፣ ከዚህ በፊት ሞክሯል ወይ የሚሉትን ማንሣት የማያውቅ ሰው "ምንም እንደማያደርጉ ቃል ይግቡልኝ" ብሎ ያስፈርማል። ያ ፊርማ ማንንም እንደሚያተርፍ ማስረጃ የለም። ስታንሊና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው ያዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድ በአንጻሩ 6 እርከን አለው፦ የመባባስ ምልክቶች፣ ብቻውን ሆኖ የሚረጋጋበት ነገር፣ ሐሳብ የሚያስቀይር ሰውና ቦታ፣ እርዳታ የሚጠይቀው የቅርብ ሰው፣ ባለሙያና የድንገተኛ ስልክ፣ በመጨረሻም አደገኛውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ።

ልምምድ ይቅደም ባይ፦

አዲስ ሰው 6ቱን እርከን እንደ ፎርም ነው የሚሞላቸው። "ምን ያረጋጋዎታል?" "በእግር መሄድ።" ይጻፋል፣ ይታለፋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢሆንስ? የቅርብ ሰው ተብሎ የተጻፈውስ ስሙ እዚያ እንዳለ ያውቃል?

ይበልጥ የምፈራው ግማሽ እውቀትን ነው። "ተገልጋይዋ የፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (የስብዕና መታወክ) ያለባት ትመስላለች" ብሎ መዝገብ ላይ የሚጽፈው የ3 ቀን ሥልጠና የወሰደው ነው። ያ ቃል ደግሞ ከፋይሉ አይወጣም። "በዚህ ሳምንት 4 ጊዜ ደወለች፤ 2 ጊዜ እየጮኸች ስልኩን ዘጋች፤ 3 ሌሊት እንዳልተኛች ተናገረች" ብሎ ያየውንና የሰማውን ቢጽፍ ለሚቀጥለው ባለሙያ ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

እውቀት ይቅደም ባይ፦

ለሕመሙ ስም ማውጣት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ተስማምተናል። ግን 3 ሌሊት ያልተኛችው እንቅልፍ እምቢ ብሏት ዝላ ነው ወይስ እንቅልፍ ሳያምራት ጉልበቷ ጨምሮ? ሁለተኛው የማንያ፣ ማለትም የባይፖላር ከልክ ያለፈ የመነቃቃት ጊዜ፣ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ የሚያስከትለው ልዩነቱን የተማረ ብቻ ነው።

የሚተማመኑበት ሱፐርቪዥንም ቢሆን ማስተዳደር፣ ማስተማርና ማገዝ የሚባሉ ሦስት ሥራዎች አሉት። በተግባር የመጀመሪያው ሁለቱን ይበላቸዋል። ሳምንታዊው 1 ሰዓት "ስንት ፋይል ዘጋህ? ሪፖርቱ የት ደረሰ?" ሲባል ያልቃል፣ ያውም ካልተሰረዘ። መጽሐፍ ቀጠሮ አይሰርዝም።

ልምምድ ይቅደም ባይ፦

መበላቱ እውነት ነው፤ የሚበላው ግን አስተዳደሩ መጀመሪያ ስለሚነሣ ነው። ወደ መጨረሻው 15 ደቂቃ ይሂድ። 30 ደቂቃው ለአንድ ተገልጋይ ጉዳይ ብቻ ይዋል፤ የቀረው 15 ለሠራተኛው ለራሱ፦ እንቅልፉ እንዴት ነው፣ ቤት ድረስ የሚከተለው ታሪክ የማን ነው፣ ቀጠሮውን እያራዘመ የሚሸሸው ተገልጋይ የትኛው ነው። ጉዳዩን ሁልጊዜ ሠራተኛው ከመረጠ የተሳካለትን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት እሱ ይምረጥ፣ በሚቀጥለው ሱፐርቫይዘሩ ከመዝገቡ በዘፈቀደ ያንሣ። ሊትየሙንም እዚያው ያስተምሩልኝ፣ ሊትየም የሚወስደው ሰው ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ሳለ።